አሮጌው ቀለም ሳይፋቅ አዲሱ አይጸናም

የሚነበቡት ክፍሎች፤ ዘሌዋውያን 14፥33-48፤ ቆላስይስ 3፥8-15



ሰው የቤቱ ግድግዳ ሲያረጅበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መንገድ አጭር ነው፤ አዲስ ቀለም ገዝቶ በአሮጌው ላይ መቀባት ነው። ሁለተኛው መንገድ ረጅም ነው፤ የተላጠውንና የተሰነጠቀውን አሮጌ ቀለም እስከ ጤናማው እንጨት ድረስ ፍቆ፥ ከዚያ በኋላ መቀባት ነው። አጭሩ መንገድ ለበዓል ያደርሳል፤ ክረምትን ግን አያሻግርም። ዛሬ ስለዚህ ነገር ልነግራችሁ እወዳለሁ፤ የቤት ነገር ቢመስልም የነፍስ ነገር ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በሱዳን ጦርነት ሳይነሣ፥ በገዳሪፍ ከተማ ከአገራችን ሰዎች ጋር በአንዲት አነስተኛ የጸሎት ቤት እሰበሰብ ነበር። ቤቲቱ በሦስት ወገን በጡብ የተሠራች ስትሆን ፊቷ ከላይ እስከ ታች በጣውላ የተለበጠ ነበር። ገዳሪፍን ያየ ሰው ፀሐይና ዝናብ በእንጨት ላይ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናም ይወርዳል። ለሰሊጥና ለማሽላ የተመቸው ጥቁር መረሬ መሬትም በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ያብጣል፤ በላዩ የቆመውንም ቤት ያንቀሳቅሰዋል። እንጨትም እንዲሁ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይኮማተራል። በላዩ የደረቀው ቀለም ግን አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ እንደ ዓሣ ቅርፊትም ይነሣል።

ያች ቤት የገና በዓል በቀረበ ቁጥር ስትቀባ ኖራለች። በመጀመሪያ አረንጓዴ ነበረች ይባላል፤ በላዩ ሰማያዊ ተቀባ፤ በሰማያዊው ላይ ቡናማ፤ በቡናማው ላይ ደግሞ እንደ ገና አረንጓዴ። የፋቃት ሰው ግን አልነበረም። አንድ ዓመት በኅዳር ወር ጉባኤው ገንዘብ አዋጥቶ ሁለት ጣሳ ቀለም ገዛ፤ በዕድሜ የገፉ አንድ ቀለም ቀቢም ተጠሩ። ወጣቶቹ «አባባ፥ እባክዎ ለገና ያድርሱልን» ብለው ለመኗቸው። ሽማግሌው ግን ጣሳውን ከመክፈታቸው በፊት ወደ ግድግዳው ቀረቡ፤ ጥፍራቸውንም ከተነሣው ቀለም ሥር አስገብተው መዳፍ የሚያክል ቅርፊት አነሡ። ከሥሩ እርጥበት ያጠቆረው እንጨት ታየ። «ልጆቼ፥ እኔ በዚህ ላይ አልቀባም። ብቀባው አዲሱ ቀለም የሚይዘው እንጨቱን አይደለም፤ ሊወድቅ የተነሣውን ቀለም ነው። እርሱ ሲወድቅ አብሮት ይወድቃል» አሉ። ወጣቶቹ አዘኑ፤ ገና ሊደርስ አምስት ሳምንት ብቻ ቀርቶ ነበርና።

ወዳጆቼ ሆይ፥ ከእኒህ ሽማግሌ ሦስት ነገር ተምሬአለሁ፤ ሦስቱንም በቃለ እግዚአብሔር ብርሃን እንመልከታቸው።

አንደኛ፥ ቀለም ከፊት ቢበላሽም የብልሽቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው። ሽማግሌው መፋቂያ ከማንሣታቸው በፊት በቤቲቱ ዙሪያ ሄዱ። የጣሪያው ቆርቆሮ ጫፍ አጭር ስለ ነበረ የዝናቡ ውሃ ከጣውላው ጀርባ ይገባ ነበር። የጣውላዎቹም የታችኛው ጫፍ ከአፈሩ ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ እንጨት ደግሞ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ውሃ አብዝቶ ይጠጣል። ፀሐይ በወጣች ጊዜ ከኋላ የገባው ውሃ መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን ከጀርባው ገፍቶ ያነሣዋል። «ይህን ሳንዘጋ ብንፍቅም ብንቀባም ድካማችን ከንቱ ነው» አሉን።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በትንቢቱ በ13ኛው ምዕራፍ ጽኑ ያልሆነ ግንብ ስለሚመርጉ ሰዎች ይናገራል። ሕዝቡ ደካማ ግንብ ይሠራል፤ ሐሰተኞች ነቢያትም ያንኑ በኖራ እየለሰኑ ሰላም ሳይኖር ሰላም አለ ይላሉ። ዝናብና ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ግን ልስኑና ግንቡ አንድ ላይ ይወድቃሉ። ጌታችንም ፈሪሳውያንን ከውጭ በኖራ ከተለሰኑና ከውስጥ አጥንት ከሞላባቸው መቃብሮች ጋር አመሳስሎአቸዋል። እግዚአብሔር ማጌጥን አይጠላም፤ መሸፈንን ግን ይጠላል።

በዚያ ጉባኤ ውስጥ በሰሊጥ ንግድ ሸሪክ የነበሩ ሁለት ወንድሞች ነበሩ። ከአንድ መኸር በኋላ በሒሳብ ተጣሉ። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አስታረቋቸው። በሦስቱም ጊዜ ቡና ተፈላ፥ ታናሹ የታላቁን ጉልበት ሳመ፥ ሁላችንም እልል አልን። ነገር ግን በሦስቱም ጊዜ የሒሳቡን ደብተር የገለጠ ሰው አልነበረም። ዕርቁም እንደዚያች ቤት ቀለም ከክረምት እስከ ክረምት ብቻ ይቆይ ነበር። እኛ ይህን የሰላም ፍቅር አልነው፤ በእውነቱ ግን የሐፍረት ሽሽት ነበር።

የሁለት ሰዎች ነገር እንዲህ ከሆነ የሕዝቦች ነገርማ እንዴት ይሆን? ገዳሪፍ ከጋላባትና ከመተማ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በዚያ ድንበር ላይ በ1879 ዓ.ም. (1887) የኢትዮጵያ ጦር ጋላባትን አቃጠለ፤ በዓመቱ በ1880 ዓ.ም. (1888) የመሐዲስቶች ጦር ጎንደር ገብቶ ከተማይቱንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ፤ በ1881 ዓ.ም. (1889) አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት ወደቁ። ከዚያ በኋላ በ1902 እ.ኤ.አ. የድንበር ውል ተፈረመ። ይህም ሆኖ በአል ፋሻጋ እርሻ ላይ ያለው ክርክር በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. (2020) እንደ ገና ደም አፋሰሰ። ውል መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሁለቱ ወገን ሙታን ያልተለቀሰላቸው፥ የሁለቱ ወገን በደል ያልተነገረ እንደ ሆነ፥ ወረቀቱ በእርጥብ እንጨት ላይ እንደ ተቀባ ቀለም ይሆናል።

ሁለተኛ፥ መፋቅ የራሱ ሥርዓት አለው። ከወጣቶቹ አንዱ ሥራውን ለማፋጠን «አባባ፥ በጋዝ እሳት ብንለበልበው ቶሎ ይነሣል» አለ። ሽማግሌው በጣም ተቈጡ። «ቤቱን ልታድን ነው ወይስ ልታቃጥል? ከጣውላው ጀርባ ያለው አሮጌ ሣርና የሸረሪት ድር አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ጭሱም መርዝ ነው» አሉት። እውነታቸውን ነው። በቀድሞ ዘመን በተሠሩ ብዙ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ነበረ። ቀለሙ ሲቃጠል በጭስ፥ በደረቁም ሲፋቅ በትቢያ ይወጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም እጁን ወደ አፉ የሚወስደውን ሕፃን ነው፤ አእምሮውን ያደክማል፤ ምንም ያህል ቢያንስ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። አገራችንም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እንዳይበልጥ ወስናለች። አሮጌው ቀለም ግን ደንቡ ሳይወጣ የተቀባ ነውና ጥንቃቄ ይገባዋል።

ስለዚህ ሽማግሌው እንዲህ አደረጉ። ሕፃናትን ከአካባቢው አራቁ። ከግድግዳው ሥር ሸራ አነጠፉ። አፍንጫችንን በጨርቅ አስሸፈኑን። ግድግዳውን በውሃ እያረጠቡ፥ መፋቂያውን ብረት እንጨቱ ባደገበት አቅጣጫ ቀስ ብለው ሳቡት። ፀሐይ በግድግዳው ላይ ባለች ጊዜ ሳይሆን ጥላ ሲሆን ያሠሩን ነበር። ማታ ማታም ቅርፊቱን ሁሉ ከሸራው ላይ ሰብስበው በከረጢት ያስሩት ነበር፤ አንዲት ቅርፊት እንኳ በግቢው አፈር ላይ እንድትቀር አይወዱም ነበር።

እኔም ይህን ባየሁ ጊዜ የሙሴ ሕግ ትዝ አለኝ። በዘሌዋውያን 14 ላይ በቤት ግድግዳ ደዌ የታየ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የሚናገረው ባለቤቱ ነው፤ በቤቴ ደዌ የሚመስል ነገር አይቻለሁ ብሎ ወደ ካህኑ ይሄዳል። ካህኑ መጥቶ ያያል፤ ወዲያው አያፈርስም፤ ቤቱን ዘግቶ ሰባት ቀን ይጠብቃል። ደዌው ከሰፋ የተበከሉት ድንጋዮች ይወጣሉ፥ ቤቱ በውስጡ ዙሪያውን ይፋቃል፥ የተፋቀውም ትቢያ ከከተማ ውጭ ይጣላል። እነሆ፥ የእግዚአብሔርን ትዕግሥት ተመልከቱ! በእሳት አይጀምርም። ቤቱን ማዳን ይፈልጋልና ይመረምራል፥ ይጠብቃል፥ ይፍቃል። የተፋቀውንም በጎረቤት ደጃፍ ላይ አይጥልም። እኛ ግን ስንቶቻችን ነን በደልን ተናዘዝን እያልን የሌላውን ስም በየአደባባዩ የምንበትን? ያ ንስሐ አይደለም፤ ትቢያውን በልጆች ላይ ማራገፍ ነው።

ደግሞም ሌላ ነገር አስተዋልሁ። ሽማግሌው ሁሉን አልፋቁም። በጣራው ክፈፍ ጥላ ሥር ያለው የመጀመሪያው አረንጓዴ ቀለም ከእንጨቱ ጋር ጸንቶ ነበር። ብረቱን ቢገፉበት አልነሣ አለ። «ይህ ይኑር፤ የያዘውን መፋቅ እንጨቱን ማቍሰል ነው። ጠርዙን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት እናለስልሰው» አሉ። ወንድሞች ሆይ፥ ከአገሩ ለተሰደደ ሰው ይህ ታላቅ መጽናናት ነው። በኡም ራኩባ መጠለያ ሰፈር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኖሩ፥ ሰፈሩም በኅዳር 2013 ዓ.ም. (2020) እንደ ገና ሲከፈት በሐምዳይት በኩል ተሻግረው የገቡ ወገኖቻችን ብዙ ነገር ተገፎባቸዋል። ንስሐ ግቡ ስንላቸው የእናታቸውን ቋንቋ፥ የሙታናቸውን መታሰቢያ፥ የአገራቸውን ፍቅር ፍቃችሁ ጣሉ ማለታችን አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆላስይስ መልእክቱ እንድናስወግደው የሚያዝዘን ቍጣን፥ ክፋትን፥ ስድብንና ሐሰትን ነው። የጸና መልካም ነገር ይኑር፤ የረገበው ብቻ ይነሣ።

ይህም ሥራ የአንድ ቀን አይደለም። ማርቲን ሉተር በ1517 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 95 አንቀጾች በመጀመሪያው የአማኝ ሕይወት በሙሉ የንስሐ ሕይወት መሆኑን አስተምሮአል፤ በ1529 ባወጣው በትንሹ ካቴኪዝምም የጥምቀት ኃይል አሮጌውን ሰው በየዕለቱ እንደሚገድል፥ አዲሱንም በየዕለቱ እንደሚያስነሣ ያስረዳል። ጣውላው በየዓመቱ መታየት እንደሚያሻው የእኛም ልብ በየማለዳው መታየት ያሻዋል።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ወንድሞች በአንድ ጣውላ ሁለት ጫፍ ይፍቁ ነበር። አልተነጋገሩም። ድንገት ታናሹ እጁን ሳያቆም፥ ዓይኑንም ከጣውላው ሳያነሣ «ጋሼ፥ የዚያን ዓመት ሰሊጥ አሥራ አንድ ጆንያ አልነበረም፤ አሥራ አራት ነበረ። ሦስቱን ለብቻዬ ሸጬአለሁ» አለ። ታላቁ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻም «ሦስት?» አለ። «አዎን፥ ሦስት።» ታላቁ መፋቂያውን መሬት ላይ አኑሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁላችንም ፈራን፤ ያለፈው ሰላም ይሻል ነበር ብለን ያጕረመረምንም ነበርን። በማግሥቱ ግን ታላቁ ደብተሩን በብብቱ ይዞ መጣ። በጥላው ተቀምጠው ገጽ በገጽ ቈጠሩት። ሲጨርሱም ታላቁ «አንተ ሦስት ጆንያ ሸጥህብኝ። እኔ ግን ሌባ ነው እያልሁ በየገበያው ስምህን ሸጬዋለሁ፤ ያውም ማስረጃ ሳይኖረኝ። የእኔ ዕዳ ይበልጣል» አለው። ታናሹ ገንዘቡን ከፍሎ የጨረሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ቡና አልተፈላም፥ እልልታም አልነበረም፤ ነገር ግን ያ ዕርቅ ከዚያ ወዲህ አልተላጠም።

ሦስተኛ፥ የተፋቀ እንጨት ራቁቱን አይተውም። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ሽማግሌው አንድ ወገን ተፍቆና በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ በደረቀ ቁጥር፥ ሌላው ወገን እስኪያልቅ ሳይጠብቁ የመሠረቱን ቀለም ይቀቡት ነበር፤ የጣውላውንም ጫፎች ደጋግመው ያጠጡ ነበር። «ፀሐይ የራቁት እንጨትን ፊት በጥቂት ሳምንት ታቃጥለዋለች፤ የተቃጠለው ፊት ደግሞ ቀለም አይዝም። ከፋቃችሁ አልብሱ» ይሉን ነበር።

ጌታችንም በማቴዎስ 12 ላይ ስለ ተጠረገና ስለ ተዋበ፥ ነገር ግን ባዶ ስለ ቀረ ቤት ተናግሮአል፤ የወጣው ርኩስ መንፈስ ከእርሱ የከፉ ሰባት ይዞ ይመለስበታል። ኃጢአቱን የተናዘዘን ሰው ራቁቱን በፀሐይ አቁመን የምናየው ከሆነ፥ መፋቃችን ከመሸፈን የከፋ ይሆናል። ስለዚህ ሐዋርያው አሮጌውን ሰው አውልቁ ብሎ አያበቃም። አዲሱን ሰው እንድንለብስ፥ ምሕረትን፥ ርኅራኄንና ትሕትናን እንድንለብስ፥ በዚህም ሁሉ ላይ ፍቅርን እንድንደርብ ያዝዘናል። የመሠረቱ ቀለም የክርስቶስ ይቅርታ ነው። እርሱ በእንጨት መስቀል ላይ ራቁቱን የተሰቀለው እኛ የእርሱን ጽድቅ ለብሰን በአብ ፊት እንድንቆም ነው። የእኛ መልካም ሥራ በዚያ ላይ የሚቀባ ነው እንጂ በእርሱ ቦታ የሚቀባ አይደለም።

ወጣቶቹ እንደ ፈሩት ቤቲቱ ለገና አልደረሰችም። ታኅሣሥ 29 ቀን በዓሉን ያከበርነው ግማሹ ነጣ ያለ የመሠረት ቀለም ለብሶ፥ ግማሹ እንጨቱ ታይቶ ባለ ግድግዳ ፊት ነው። እንግዶች መጥተው «ምነው ቤታችሁ እንዲህ ሆነች?» አሉን። እኔም በልቤ፥ ጌታ የተወለደው ባልተዋበ ግርግም መሆኑን አሰብሁ። አዲሱ ቀለም ያለቀው በጥር ወር ነው። የሚቀጥለው ክረምት ሲያልፍ ሄጄ በጥፍሬ ሞከርሁት፤ አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ ዘመን ተለወጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (2023) በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ በሱዳን እንግዳ ተቀባይ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው እንግዶች ሆነው በጋላባት ድልድይ ወደ መተማ ተሻገሩ። በኩመርና በአውላላ መጠለያ ሰፈሮች ድንኳን ተተከለላቸው፤ በዚያም ሽፍታ የዘረፋቸው፥ ስጋት ያላስተኛቸው ነበሩ። ትላንት በገዳሪፍ ውሃ ያጠጣን ሰው ዛሬ በደጃችን ውሃ ለምኖአል። እንግዲህ እያንዳንዳችን ልባችንን እንጠይቅ። በላዩ የተቀባው መልካም ንግግር የያዘው እንጨቱን ነውን? ወይስ «እነርሱ የመሬታችን ጠላቶች ናቸው»፥ «እነዚያ የዚያ ወገን ልጆች ናቸው» የሚል አሮጌ ቅርፊት ከሥር አለ? ካለ፥ ለበዓል ብለን አንቀባው። ውሃው የገባበትን እንፈልግ፤ ደብተሩን እንግለጥ፤ በትዕግሥት እንፋቅ፤ የጸናውን አንንካ፤ የተፋቀውንም ወንድማችንን ሳይውል ሳያድር በይቅርታ እናልብሰው።

እንጸልይ። አባታችን ሆይ፥ ቤታችንን ታውቃለህና ከፊትህ አንሸሽግም። የረገበውን ከእኛ አንሣ፤ ስትፍቀንም እጅህ ቀላል ትሁንልን። ራቁታችንን አትተወን፤ በልጅህ ጽድቅ አልብሰን። በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ላሉት ስደተኞች መጠጊያ ሁን፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የሚጸና ሰላም ስጥ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።